ለወባ የወጉትን ጣት ለስኳርም

በደቡብ ወሎ፣ በኮምቦልቻና በቃሉ ወረዳ ቆላማ ቀበሌዎች ትኩሳት ይዞት ወይም እያስመለሰው ጤና ጣቢያ የደረሰ ልጅ መጀመሪያ የሚወጋው ጣቱን ነው። ወባ የምናውቃት በሽታ ስለሆነች ደሙ ለእሷ ይታያል። ከዚያችው ጣት አንዲት ጠብታ ጨምሮ በስኳር መለኪያ ስትሪፕ ላይ ማሳረፍ ደቂቃ አይፈጅም። እኔ የምለው፣ ይህች ሁለተኛ ጠብታ በባለሙያው በጎ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለች መሆኗ ይቅርና የአሠራር ግዴታ ትሁን ነው።

የልጆች የስኳር ሕመም በአብዛኛው ቆሽት ኢንሱሊን የተባለውን ሆርሞን ማመንጨት ሲያቆም የሚመጣ ነው። ሲጀምር ልጁ ውኃ ውኃ ይላል፤ ትቶት የነበረውን መኝታ ማርጠብ እንደገና ያመጣል፤ እየበላ ይከሳል። በሸናበት ቦታ ጉንዳን ሲርመሰመስ ያየች እናት ግራ ትጋባለች እንጂ ስኳር የትልቅ ሰው በሽታ ስለሚመስላት አትጠረጥርም። ጥቂት ሲቆይ ደሙ አሲድ ይበዛበታል። ያስመልሰዋል፤ ሆዱን ይቆርጠዋል፤ ትንፋሹ ጥልቅና ፈጣን ይሆናል። ይህን ያየ ባለሙያ ወባ፣ ታይፎይድ ወይም ሳንባ ምች ቢል አይፈረድበትም፤ ምልክቱ ያሳስታል። ሳይለኩት "ደክሟል" ብለው ግሉኮስ ከሰቀሉለት ግን በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሆንበታል።

"ደሴ ላይ የሕፃናት ሆርሞን ስፔሻሊስት ይመደብልን" የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ሙያው በአህጉራችን ገና ለጋ ነው፤ የአፍሪካ ሐኪሞች የሚሠለጥኑበት ማዕከል ናይሮቢ ላይ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው፤ ኢትዮጵያውያንም ሠልጥነውበታል። ነገር ግን ስፔሻሊስት የሚያክመው በሕይወት የደረሰለትን ልጅ ነው። ከቃሉ ወረዳዋ ሐርቡ ተነሥቶ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ለመድረስ፣ መጀመሪያ ሐርቡ ላይ ሕመሙን ያወቀለት ሰው ያስፈልገዋል።

ክትትሉም ቢሆን ሁሉ ወደ ሆስፒታል መጎተት የለበትም። ጎንደር ላይ ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው የስኳር ሕሙማንን ክትትል ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች አውርደው፣ በሠለጠኑ ነርሶች እጅ ሊሠራ እንደሚችል አሳይተዋል። ደቡብ ወሎ ይህን ከባሕር ማዶ መኮረጅ አያስፈልገውም።

"ገጠር ፍሪጅ የለም" የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ድንበር የለሽ ሐኪሞች ከጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ጋር በኬንያ የስደተኞች መጠለያ ሙቀት ላይ ተመሥርተው ያደረጉት፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት፣ ከ25 እስከ 37 ዲግሪ በሚዋዥቅ ሙቀት ውስጥ አራት ሳምንት የቆየ ኢንሱሊን ኃይሉን እንዳላጣ አረጋግጧል። ስለዚህ ፍሪጅ የሌለው ቤት ልጁን ከሕክምና ሊያስቀረው አይገባም፤ ያልተከፈተው ብልቃጥ በጤና ጣቢያ ፍሪጅ ይቀመጥለት፣ የተከፈተውን ቤተሰቡ በጥላ፣ በእርጥብ አሸዋ በተከበበ ሸክላ ይያዝ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ገብቶ የጤና ተቋማት ሲዘረፉ፣ መድኃኒትን በአንድ ቦታ ብቻ ማከማቸት ምን እንደሚያስከትል አይተናል። ኢንሱሊን ደግሞ "መንገድ እስኪከፈት" አይባልለትም።

አገሩ ድሃ ነው፣ አይቻልም ለሚል ሰው ጨውን ላስታውሰው። የታይሮይድ ሆርሞን ያለ አዮዲን አይሠራም፤ እናት አዮዲን ካጣች የጽንሱ አእምሮ ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2011 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው ከመቶ በ15 ቤቶች ብቻ ነበር። ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድድ ደንብ ወጣ፤ በ2016ቱ ጥናት ቁጥሩ 89 ደረሰ። ለውጡ የመጣው እያንዳንዷ እናት ስፔሻሊስት ስላገኘች ሳይሆን ነገሩ ከምንጩ ስለተያዘ ነው። ታይሮይዱ ሳይሠራ ለሚወለድ ሕፃንም መንገዱ ይኸው ነው፤ በተወለደ በቀናት ውስጥ ከተረከዙ በሚወሰድ ጠብታ ደም ተለይቶ ርካሽ ክኒን ቢጀመርለት፣ አእምሮው እንደ እኩዮቹ ያድጋል። ይህ ምርመራ ደሴ ላይ ከሚወለዱ ሕፃናት ቢጀመር ወሎ ዩኒቨርሲቲ የሚኮራበት ሥራ ይሆናል።

ለዛሬው ግን የምጠይቀው ትንሽ ነው። የዞኑና የከተማው ጤና መምሪያዎች በእያንዳንዱ ጤና ጣቢያ የስኳር መለኪያ ከነስትሪፑ እንዳይጠፋ ያድርጉ፤ የሚያስመልሰው፣ የከሳ ወይም ትንፋሹ የበዛ ልጅ ሳይለካ አይመለስ የሚል ትእዛዝም ያውጡ። የጤና መድህኑ ኢንሱሊን ሸፍኖ ስትሪፑን ለቤተሰብ ኪስ ከተወ ሥራው ግማሽ ነው፤ ሳይለኩ የሚወጉት መርፌ ራሱ ልጁን ሊጥል ይችላል። ወላጅም ካርድ አውጥቶ ሲገባ "ስኳሩም ይታይልኝ" ለማለት አይፈር። ነርሷን ሥራ አስፈታሁ ብሎ አይስጋ፤ ጣቱ እንደሆነ ለወባ ተወግቷል።