የዘበኛው ሌሊት ስንት ሰከንድ ነው?

ቀንና ሰዓትን ወደ ሰከንድ መለወጥ የሕፃን ሂሳብ ነው የሚሉ ጓደኞች አሉን። አንድ ሰዓት 3,600፣ አንድ ቀን 86,400 ሰከንድ መሆኑን ማን ያጣዋል? እኛ ግን ኤስኪውኤል በሚባለው የመረጃ ቋት መጠየቂያ ቋንቋ ስንጽፍ፣ ጣጣው ያለው በማባዛቱ ላይ ሳይሆን ከማባዛቱ በፊት ነው እንላለን።

አንድ ዘበኛ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ቆመ እንበል። ድካሙ 43,200 ሰከንድ ነው። መዝገቡ ግን የገባበትንም የወጣበትንም «12:00» ብሎ ከያዘው፣ ኮምፒዩተሩ አንዱን ከሌላው ቀንሶ ዜሮ ያወጣል። ሌሊቱን በብርድ ያሳለፈ ሰው እንደ ቀረ ይቆጠራል ማለት ነው።

በፈረንጅ አቆጣጠር 18:00 እና 06:00 ብለን ብናርመውስ? በማይኤስኪውኤል ታይም ቱ ሴክ የተባለው ትእዛዝ የመግቢያውን 64,800፣ የመውጫውን 21,600 ያደርገዋል፤ ከመውጫው መግቢያው ሲቀነስ ውጤቱ ከዜሮ በታች 43,200 ይሆናል። አሁን ደግሞ ዘበኛው ባለዕዳ ሆነ! ቀኑ ከሰዓቱ ጋር ተመዝግቦ በታይምስታምፕዲፍ ቢጠየቅ ግን ትክክለኛው 43,200 ይገኛል።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። በዩኒክስ ልማድ ሰከንድ የሚቆጠረው በዓለም አቀፍ ሰዓት ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 እኩለ ሌሊት ጀምሮ ነው፤ ይህም በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ይውላል። ፖስትግሬስኪውኤል የሰዓት ቀጠና ያልተጻፈበትን ጊዜ ወደዚህ ቁጥር ሲለውጥ የዓለም አቀፍ ሰዓት እንደ ሆነ አድርጎ ይወስደዋል። የአዲስ አበባን ሰዓት ያለ ቀጠናው የሰጠ ሰው እንግዲህ በ10,800 ሰከንድ ይስታል። ኮምፒዩተሩም ስሕተት አለ ብሎ አይጮኽም።

«ፕሮግራሙ ሠርቷል» ብሎ እጅን ማጣጠብ ስለዚህ አይበቃም። መልስ የሰጠ ጥያቄ ሁሉ እውነት ተናገረ ማለት አይደለም። ሰከንድ ባዶ ቁጥር ነው፤ የየትኛው ቀን፣ የማን ሰዓት እንደ ሆነ ራሱ አይነግረንም፤ ይህን መናገር ያለበት ጸሐፊው ነው።

የምንጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ቀን፣ ሰዓትና ቀጠና አብረው ይመዝገቡ፤ ወደ ሰከንድ መለወጡ የመጨረሻው ሥራ ይሁን። ማንኛችንም ሥራችንን ለመምህር ከማስረከባችን በፊት እኩለ ሌሊትን በሚሻገር ምሳሌ እንፈትነው። ነገ የደመወዝ መዝገብ የምናዘጋጀው እኛው ነን፤ የዚያ ዘበኛ እንጀራ በእኛ ቅንስናሽ ላይ ሊንጠለጠል ነው።