የአሜሪካ መኪኖች እና የውጭ ተፎካካሪዎቻቸው፦ የጥገና ወጪን የሚወስነው ምንድን ነው?

በአሜሪካ ጎዳናዎች ላይ የሚሽከረከሩ መኪኖች ከቀድሞው ይልቅ አርጅተዋል። ኤስ ኤንድ ፒ ግሎባል ሞቢሊቲ የተባለው የጥናት ተቋም እንዳስታወቀው፣ እአአ በ2025 የአገሪቱ መኪኖች አማካይ ዕድሜ 12.8 ዓመት ደርሷል። የአዲስ መኪና ዋጋ የከበደው ቤተሰብ በእጁ ያለውን እየጠገነ ለመቆየት ተገዷል።

በዚህም ምክንያት ሁለት ጥያቄዎች የብዙ አባወራዎች የበጀት ጉዳይ ሆነዋል። ሳይበላሽ ለረዥም ጊዜ የሚያገለግለው የትኛው መኪና ነው? ሲበላሽስ ምን ያህል ያስወጣል?

ላለፉት አራት አስርት ዓመታት የተለመደው መልስ "የጃፓን መኪና" የሚል ነው። መልሱ መሠረት የሌለው አይደለም። ነገር ግን አሃዞቹና የኢንዱስትሪው ታሪክ በቅርበት ሲታዩ፣ የባለቤቱን ኪስ የሚጎዳውም ሆነ የሚያድነው መኪናው የየት አገር ስም መያዙ ብቻ አይደለም። የሞዴሉ ዲዛይን ምን ያህል በጊዜ ተፈትኗል? መለዋወጫውስ በአቅራቢያ ይገኛል ወይ? እነዚህ ከስሙ በላይ ይመዝናሉ።

አሃዞቹ ምን ይላሉ?

የጥገና ዋጋን የሚያጠናው ሪፔርፓል ከጥቂት ዓመታት በፊት ባወጣው ስሌት መሠረት፣ የአንድ ሆንዳ አማካይ ዓመታዊ የጥገና ወጪ 428 ዶላር፣ የቶዮታ ደግሞ 441 ዶላር ነበር። በአንጻሩ የሼቭሮሌት 649፣ የፎርድ 775 ዶላር ሆኖ ተመዝግቧል።

ሆኖም በዚያው ስሌት የጀርመኖቹ መርሴዲስ ቤንዝ 908፣ ቢኤምደብሊው ደግሞ 968 ዶላር ያስወጡ ነበር። "የውጭ መኪና ለጥገና ርካሽ ነው" የሚለው አባባል እዚህ ላይ ይፈርሳል። ከዚህ በተጨማሪ ፎርድና ሼቭሮሌት በብዛት የሚሸጡት ከባድ ጭነት የሚሸከሙና ተጎታች የሚስቡ ትልልቅ ፒክአፖችን ነው። የእነዚህ ተሽከርካሪዎች ጎማ፣ ፍሬንና ሞተር ከአንዲት ትንሽ የቤት መኪና ጋር በእኩል ዋጋ ሊጠገን አይችልም። የአምራቾች አማካይ ወጪ ሲነጻጸር ይህ ልዩነት ተሸፍኖ ይቀራል።

ጄ ዲ ፓወር የሦስት ዓመት ዕድሜ ያላቸውን መኪኖች የመጀመሪያ ባለቤቶች ጠይቆ በየዓመቱ የሚያወጣው ጥናትም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይጠይቃል። እአአ በ2025 ይፋ በሆነው ውጤት የጃፓኑ ሌክሰስ በ100 መኪኖች 140 ችግሮች ተመዝግበውበት አንደኛ ሲሆን፣ አሜሪካዊው ቢዊክ በ143 ተከትሎታል። የኢንዱስትሪው አማካይ 202 ነበር። በዝርዝሩ ግርጌ ከተገኙት መካከል ደግሞ የጀርመኑ ቮልስዋገን እና የአሜሪካው ክራይስለር ይገኙበታል።

ይህ ጥናት ስልክ ከመኪናው ጋር አልገናኝ ማለቱንም፣ የካምቢዮ መበላሸትንም እንደ አንድ አንድ ችግር ይቆጥራል። ለባለቤቱ ግን የመጀመሪያው ብስጭት ነው፤ ሁለተኛው በሺህ ዶላሮች የሚቆጠር ዕዳ ሊሆን ይችላል። ኮንሲውመር ሪፖርትስ የተሰኘው የሸማቾች ድርጅት በበኩሉ ለከባድ ብልሽቶች የበለጠ ክብደት ይሰጣል። በእርሱ ደረጃ በቅርብ ዓመታት ከላይ የሚሰለፉት ቶዮታ፣ ሌክሰስ እና ሱባሩ ናቸው።

ልዩነቱ ከየት መጣ?

እአአ በ1973 የተከሰተው የነዳጅ ቀውስ አሜሪካውያን ነዳጅ ቆጣቢ ወደሆኑት የጃፓን መኪኖች ፊታቸውን እንዲያዞሩ አደረገ። ዋሽንግተን ከጃፓን በሚገቡ መኪኖች ላይ ገደብ እንዲኖር ባደረገችው ጫና፣ ቶኪዮ እአአ በ1981 ወደ አሜሪካ የምትልከውን በዓመት 1.68 ሚሊዮን ላይ ለመወሰን ተስማማች። በቀጣዩ ዓመት ሆንዳ በኦሃዮ ግዛት ሜሪስቪል መኪና ማምረት ጀመረ። ቶዮታም እአአ በ1988 በኬንታኪ ግዛት ጆርጅታውን ውስጥ ፋብሪካውን ሥራ አስጀመረ። ‹የውጭ› የሚባለው ካምሪ ዛሬም የሚመረተው በዚያ ነው። ‹የአሜሪካ› የሚባለው ሼቭሮሌት ሲልቬራዶ ደግሞ በከፊል በሜክሲኮ ይመረታል።

የጥራት ልዩነቱ ከሠራተኞች ዜግነት ጋር እንደማይያያዝ ከሁሉ በላይ ያሳየው ግን በካሊፎርኒያ ፍሪሞንት የነበረው ፋብሪካ ነው። ጄኔራል ሞተርስ እአአ በ1982 የዘጋው ይህ ፋብሪካ ከሥራ በመቅረትና በጥራት ጉድለት የታወቀ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ከቶዮታ ጋር በሽርክና ዳግም ሲከፈት፣ ከተቀጠሩት አብዛኞቹ የቀድሞዎቹ ሠራተኞች ነበሩ። የተቀየረው አሠራሩ ነው። እንከን ያየ ማንኛውም ሠራተኛ ገመድ ስቦ የምርት መስመሩን እንዲያስቆም መብት ተሰጠው። ጥራቱም በአጭር ጊዜ ተሻሻለ።

ከዚያው መስመር ቶዮታ ኮሮላ እና ጂኦ ፕሪዝም የተሰኘው የጄኔራል ሞተርስ መኪና ጎን ለጎን ይወጡ ነበር። ሁለቱ በአካላቸው እጅግ የተቀራረቡ ቢሆኑም ገዢዎች ለኮሮላ የበለጠ ይከፍሉ ነበር። ስም ያተረፈ አምራች ሳይቀየር እንኳ ይጠቀማል፤ ስሙ የጎደፈበት ደግሞ ተሻሽሎም ለመታመን ዓመታት ይፈጅበታል።

ስህተት በሁለቱም ወገን

ጄኔራል ሞተርስ እአአ በ2014 ባጋጠመው የሞተር ማስነሻ ቁልፍ ጉድለት 2.6 ሚሊዮን መኪኖችን ለጥገና ጠርቷል። ኩባንያው ባቋቋመው የካሳ ፈንድም ለ124 ሰዎች ሞት ካሳ ተከፍሏል። በዚያው ዓመት ቶዮታ ከመኪኖቹ ድንገተኛ ፍጥነት መጨመር ጋር በተያያዘ መረጃ በመደበቅ ለቀረበበት ክስ 1.2 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል።

በቅርቡም ታሪኩ ተደግሟል። ቶዮታ እአአ በ2024 ወደ 100 ሺህ የሚጠጉ ተሽከርካሪዎችን፣ በአብዛኛው ተንድራ ፒክአፖችን፣ በሞተራቸው ውስጥ በቀረ የብረት ቅሪት ምክንያት ጠርቷል። ሞተሩ ለረዥም ዓመታት የተፈተነውን ባለ ስምንት ሲሊንደር የተካ አዲስ ሥሪት ነበር። በቀጣዩ ዓመት ጄኔራል ሞተርስ ባለ 6.2 ሊትር ሞተር የተገጠመላቸውን ወደ 600 ሺህ የሚጠጉ ፒክአፖችና ትልልቅ የቤተሰብ መኪኖች እንዲመለሱ አዝዟል።

የታክሲ ሾፌሮች ስሌት

መኪናን ከስሙ ይልቅ በሚያስገባውና በሚያስወጣው ገንዘብ የሚመዝኑት በመኪና የሚተዳደሩ ሰዎች ናቸው። ከእነዚህ መካከል በዋሽንግተንና አካባቢዋ በታክሲ ሥራ የተሰማሩ በርካታ ኢትዮጵያውያን ይገኛሉ። ለታክሲ ሾፌር መኪናው ጋራዥ የዋለበት ቀን ወጪው እጥፍ ነው፤ ለመካኒክ ይከፍላል፣ የዕለት ገቢውንም ያጣል።

በአሜሪካ ከተሞች ለረዥም ዘመን የታክሲ ሥራ የተሠራው በፎርድ ክራውን ቪክቶሪያ ነበር። መኪናው ነዳጅ ይጠጣል፤ ቢሆንም ጠንካራ ነበር፣ መሠረታዊ አሠራሩም ለዓመታት ብዙ አልተለወጠም። ፖሊስም ታክሲውም ስለሚነዳው መለዋወጫው በየቦታው ይገኛል፣ የማያውቀው መካኒክም አልነበረም። አሜሪካዊ ሆኖ ርካሽ ጥገና ያለው መኪና እንደነበር ይህ በቂ ማስረጃ ነው።

ይሁንና ምርቱ እአአ በ2011 አበቃ። ፎርድ እአአ በ2018 በሰሜን አሜሪካ የቤት መኪኖችን መሸጥ እንደሚያቆም አስታወቀ። ሼቭሮሌት ማሊቡም እአአ በ2024 ማብቂያ ላይ ተሰናበተ። ዛሬ ተራ የቤት መኪና የሚፈልግ ሾፌር ወደ ካምሪ ወይም ፕሪየስ ቢያመራ፣ አንዱ ምክንያት በአሜሪካኖቹ በኩል የሚመርጠው ማጣቱ ነው።

የምሥራቅ አፍሪካ ገጽታ

ይኸው ሕግ በምሥራቅ አፍሪካ በግልጽ ይታያል። ኬንያ፣ ኡጋንዳ እና ታንዛኒያ ልክ እንደ ጃፓን በመንገዱ ግራ ስለሚነዱ፣ ያገለገሉ የጃፓን መኪኖች መሪያቸው ሳይቀየር ይገባሉ። ብዛታቸው መለዋወጫውን አረከሰው፤ የመለዋወጫው ርካሽነት ደግሞ ተጨማሪ ገዢ ሳበ። እንደ ጃፓን በግራ በማትነዳው ኢትዮጵያም ቢሆን ቶዮታ ተመሳሳይ ቦታ ይዟል። በአዲስ አበባ ሶማሌ ተራን የመሰሉ የመለዋወጫ ገበያዎች ለዓመታት የኖሩት በአብዛኛው በእርሱ ዙሪያ ነው። አንድ የአሜሪካ መኪና የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ መለዋወጫው ከባሕር ማዶ እስኪመጣ ቆሞ የሚጠብቅ ከሆነ ለባለቤቱ ውድ ነው።

የጄኔራል ሞተርስ መውጣትም ሌላው ማሳያ ነው። ኩባንያው እአአ በ2017 በናይሮቢው ድርጅት የነበረውን 57.7 በመቶ ድርሻ ለጃፓኑ ኢሱዙ ሸጠ። ያ ድርጅት በአሜሪካዊ ስም ሲንቀሳቀስም በዋነኛነት የሚገጣጥመው የኢሱዙ የጭነት መኪኖችን ነበር። በአንጻሩ ፎርድ ሬንጀር ፒክአፕን በደቡብ አፍሪካ ሲልቨርተን ማምረቱን ቀጥሏል።

ቀጣዩ ጥያቄ

የትራምፕ አስተዳደር እአአ ከሚያዝያ 2025 ጀምሮ ከውጭ በሚገቡ መኪኖች ላይ 25 በመቶ ቀረጥ ጥሏል፤ በወሩ መለዋወጫዎች ተጨምረዋል። ለጃፓን በኋላ ወደ 15 በመቶ ዝቅ ተደርጓል። ዓላማው የአገር ውስጥ አምራቹን መጥቀም ነው። ነገር ግን ‹የአሜሪካ› መኪናም ከብዙ አገሮች በመጡ ክፍሎች ስለሚገጣጠም፣ ቀረጡ የሚያስከትለው ጭማሪ በሁለቱም ወገን ጋራዦች ደረሰኝ ላይ ሊታይ ይችላል።

ኢትዮጵያ ደግሞ እአአ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ፣ ገበያውን የሚሞሉት በአብዛኛው ከቻይና የሚመጡ የተለያዩ የኤሌክትሪክ ሞዴሎች ናቸው። ሞዴሎቹ በበዙ ቁጥር የእያንዳንዳቸው መለዋወጫ ገበያ ይጠብባል። ስለዚህ ለአዲስ አበባው ገዢም ሆነ ለዋሽንግተኑ ሾፌር የሚበጀው ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፦ ይህ መኪና ከ10 ዓመት በኋላ ቢቆም፣ የሚያውቀው መካኒክና የሚገጠምለት ዕቃ በአቅራቢያ ይኖራል ወይ?