ለቀብር እናዋጣለን፤ ለሕመምስ?



በዚህ ሰሌዳ ላይ ብዙ ጊዜ የምንለጥፈው የስብሰባ ጥሪና የመዋጮ ማስታወቂያ ነው። ዛሬ ግን ሐሳባችንን ልንነግራችሁ ነው። ረዘም ስለሚል ቆም ብላችሁ አንብቡልን፤ ማንበብ ለማይችለው ጎረቤትም አሰሙልን።

ባለፈው ክረምት ከመካከላችን አንድ አባወራ ታመመ። ስሙን አንጠራም፤ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ሆዱን እያመመው «ይተወኛል» እያለ ብዙ ቀን ቆየ። የቆየው በሽታውን ንቆ አልነበረም፣ ኪሱ ባዶ ስለነበረ ነው እንጂ። ሲብስበት በቃሬዛ ተሸክመን በዚያ ጭቃ አወረድነው። ከዚያም ሪፈር ተጽፎለት ጎንደር ደረሰ። እግዜር ይመስገን፣ ዳነ። ነገር ግን ለሕክምናው፣ ለመድኃኒቱ፣ ለመኪናው፣ ለአስታማሚው ምግብና ማደሪያ ሲባል አንዱ በሬ ተሸጠ። በችኮላ የተሸጠ በሬ ስንት እንደሚያወጣ ለእናንተ አይነገርም። የቀረው በሬ ብቻውን አያርስምና ዘንድሮ መሬቱን ለእኩል ሰጠ። እንግዲህ ሰውየው ድኗል፤ ቤቱ ግን እስካሁን አልዳነም።

ለመሆኑ ያ ሰው ሞቶ ቢሆን ኖሮ ምን እናደርግ ነበር? ጥሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ከእድሩም ገንዘብ ወጥቶ ለቤተሰቡ ይሰጣል። በሕይወት ሳለ ግን ያደረግንለት ሽማግሌ ልከን በየቤቱ መለመን ብቻ ነው። ለሞት ተሰናድተን ለሕመም ሳንሰናዳ መገኘታችን እኛን የኮሚቴውን አባሎች አሳፍሮናል። ይህን የምንጽፈውም ለዚህ ነው።

አገራችን ለዚህ ነገር መላ ካበጀች ቆይታለች። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን የሚባለው በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች ውስጥ በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀመረ። ከአማራ ክልል የተመረጡት ደቡብ አቸፈር፣ ፎገራና ተሁለደሬ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ወደ ሌሎቹ ወረዳዎች እየሰፋ ሄዷል። አሠራሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ እድር ማለት ነው፣ ልዩነቱ ለሕመም መሆኑ ነው። ቤተሰቡ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮውን ይከፍላል፤ መታወቂያ ይይዛል፤ ሲታመም ጤና ጣቢያ ሄዶ ካርድ፣ ምርመራና መድኃኒት በየጊዜው ሳይከፍል ያገኛል። ሪፈር ከተጻፈለትም ውል ባለው ሆስፒታል ይታከማል። ባልና ሚስት ከ18 ዓመት በታች ከሆኑት ልጆቻቸው ጋር በአንድ መዋጮ ይካተታሉ። ከዚያ በላይ ለሆነው ልጅ ተጨማሪ ይከፈላል። መክፈል የማይችለው ድኻ ደግሞ ተለይቶ መንግሥት ይከፍልለታል።

አንዳንዱ ሰው «ዓመቱን ሙሉ ሳልታመም ብከርም ገንዘቤ ተበላ ማለት ነው» ይላል። ኧረ ወንድሜ፣ ዘንድሮ ከቤትህ ሰው ስላልሞተ የእድር ገንዘቤ ተበላ ብለህ ታውቃለህ? ጤነኛው ለታመመው ይከፍላል፤ ነገ ደግሞ ተራው ይለወጣል። ሁሉም ሰው ከታመመ በኋላ ልመዝገብ ቢል ግን ሣጥኑ ውስጥ ምን ይገኛል?

ሌላው «ከፍለን ሄደን መድኃኒት የለም፣ ከውጭ ግዙ ይሉናል» ይላል። ይህኛው አቤቱታ እውነት አለው፣ በእኛም ላይ ደርሷል። የከፈለ ሰው መድኃኒት ሲያጣ በሚቀጥለው ዓመት አያድስም፤ የሚያድሰው ሲያንስ ደግሞ ሣጥኑ ይሳሳል። ስለዚህ መድኃኒት ማቅረብ የመንግሥት ግዴታ ነው ብለን ሳንፈራ እንናገራለን። ነገር ግን ተቆጥቶ መውጣት መድኃኒት አያመጣም። ደረሰኙንና የታዘዘበትን ወረቀት ይዘን፣ ተሰብስበን ብንጠይቅ ይሻላል። የአንድ ሰው ቁጣ ይረሳል፣ የሃምሳ ሰው ፊርማ ግን ፋይል ውስጥ ይገባል።

መድኑ ሁሉን ነገር እንደማይችልም እንወቅ። መነጽርና ሰው ሠራሽ ጥርስ አይሸፍንም። የመኪና፣ የአስታማሚ ምግብና የማደሪያ ወጪም በራሳችን ላይ ነው። ከደባርቅ ጎንደር መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከእኛ ሰፈር ደባርቅ ድረስ ያለውን ዳገትና ቁልቁለት ደግሞ እግራችን ያውቀዋል። በሬውን የሚያሸጠው አንዳንዴ መርፌው ሳይሆን መንገዱ ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን እናሳስባለን።

አንደኛ፣ ገብሱ ተወቅቶ፣ ድንቹና ነጭ ሽንኩርቱ ተሸጦ እጃችን ላይ ብር ሳለ የመድኑን መዋጮ ቀድመን እንክፈል። የድግሱ ወጪ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ከኮሚቴው መካከል ሳናድስ የከረምን ስላለን ይህን የምንለው ራሳችንንም እየወቀስን ነው።

ሁለተኛ፣ ጤና ጣቢያውን ዘለን በቀጥታ ሆስፒታል አንሂድ። ያለ ሪፈር የሄደ ሰው ወጪው በራሱ ሊመጣበት ይችላል። መታወቂያውም ከሣጥን ሥር አይቀበር፤ የቤቱ ሰው ሁሉ ያለበትን ይወቅ።

ሦስተኛ፣ በነጻ የሚሰጠውን በነጻ እንጠቀም። የእርግዝና ክትትል፣ ወሊድ፣ የልጆች ክትባት፣ የቲቢ ሕክምና በጤና ጣቢያ አይከፈልባቸውም። ገንዘብ የለኝም ብላ እቤት የምትወልድ እናት ልትኖር አይገባም።

አራተኛ፣ ለመንገዱ የራሳችን ሣጥን ይኑረን። እያንዳንዱ ቤት በወር 10 ብር ቢጨምር፣ 60 ቤት ቢሆን በወር 600፣ በዓመት 7,200 ብር ይሆናል። ለብዙ ሰው አይበቃም፤ ሌሊት መኪና ለሚፈልግ አንድ ሕመምተኛ ግን ትልቅ ነገር ነው። የወሰደው ሰው እህል ሲደርስ ያለ ወለድ ይመልሳል። ሒሳቡም በየሦስት ወሩ በዚሁ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል።

የመጨረሻው ሐሳብ ያለ እናንተ ድምፅ አይጸናም። በሚቀጥለው የማኅበር ስብሰባ ይቀርባልና ተቃውሞ ያለውም መጥቶ ይናገር፤ እናቶች በተለይ እንዳትቀሩ፣ የአስታማሚውን ድካም የምታውቁት እናንተ ናችሁ። በሽታ ቀን ቆርጦ አይመጣም፣ እኛ ግን ቀን ቆርጠን መዘጋጀት እንችላለን። ያ ጎረቤታችን በሬውን በሸጠ ማግስት «ምነው ቀደም ብላችሁ በመከራችሁኝ» ብሎናል። ሌላ ሰው ይህን እንዳይለን ዛሬ ተናገርን።

ጤናውን ይስጠን።

ከማኅበሩ ጸሐፊ፣ በኮሚቴው ስም