የሆድ ስብና የናኖ መድኃኒት፦ ጥፋቱ የጎተራው ነውን?

እሑድ ከአምልኮ በኋላ በግቢው ውስጥ ሰላም ስትባባሉ «ወፍረሃል፤ ተመችቶሃል ማለት ነው!» ተብላችሁ ታውቁ ይሆናል። በደብረ ማርቆስም ሆነ በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች ይህ ምርቃት እንጂ ስድብ አይደለም። ረሀብን በዓይኑ ላየ ትውልድ ሥጋ መልበስ የጤና ምልክት ነበርና። ያው የተመረቀ ሰው ግን ሰኞ ሐኪም ዘንድ ሲሄድ «ግፊት አለህ፣ ስኳርህም ከፍ ብሏል፣ ቦርጭህን ቀንስ» ይባላል። ማታ ስልኩን ሲከፍት ደግሞ «በናኖ ቴክኖሎጂ ስብ የሚያቀልጥ» የሚል ማስታወቂያ ይጠብቀዋል። ታዲያ የቱን ይመን?

የተገኘው ነገር ምንድን ነው?

ናኖ የሚባለው ነገር በዓይን የማይታይ እጅግ ጥቃቅን ቁስ ነው። አንድ ናኖ ሜትር የአንድ ሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2022 በኒውዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ካም ሊኦንግና ሊ ቺያንግ ከባልደረቦቻቸው ጋር ያደረጉትን ምርምር «ኔቸር ናኖቴክኖሎጂ» በተባለው መጽሔት አወጡ። «ፒ-ጂ3» የተባለውን ቁስ በወፈሩ አይጦች ላይ ሞክረውት ነበር።

ነገሩ የሚሠራው እንዲህ ነው። በስብ ሕዋሳት ዙሪያ ያለው ድር ነጌቲቭ ቻርጅ አለው፤ ቁሱ ደግሞ ፖዘቲቭ ነው። ተቃራኒዎች ስለሚሳሳቡ ቁሱ በየአካሉ ከመበተን ይልቅ ስቡ ላይ ይሰፍራል። ያነጣጠረውም በተለይ አንጀትን የከበበውን ስብ ነው፤ በሬ ሲታረድ ሞራ የምንለውን ዓይነት ማለት ነው። ከስኳርና ከልብ ሕመም ጋር ይበልጥ የሚያያዘውም ከቆዳ ሥር ካለው ይልቅ ይኸው የውስጡ ስብ ነው።

አይጦቹ ከሱ። የሚያስገርመው ግን የስብ ሕዋሳቱ አለመሞታቸው ነው። ስብ ማጠራቀማቸውን ቀነሱ፣ ሌላውን ሥራቸውን ግን ቀጠሉ። አሁን ለውፍረት በመርፌ የሚሰጡት የታወቁ መድኃኒቶች በዋናነት የምግብ ፍላጎትን የሚቀንሱ ሲሆኑ ይህኛው ግን በቀጥታ ወደ ስቡ ይሄዳል።

ጎተራው ቢቃጠልስ?

ከዚያ በፊት የተሞከረ ሌላ መንገድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ የሚገኙ ተመራማሪዎች ስብን የሚመግቡትን የደም ሥሮች በማጥፋት የአይጦችን ክብደት 30 በመቶ ያህል ቀነሱ። በ2011 ደግሞ የወፈሩ ዝንጀሮዎች በአራት ሳምንት ውስጥ 11 በመቶ ገደማ ቀነሱ፤ ነገር ግን ኩላሊታቸው ላይ ችግር ታየ።

ይህን ለመረዳት የጎጃም ገበሬ ጎተራ ይበቃናል። ጎተራው የተሠራው ለሐምሌና ለነሐሴ ነው። እህል በዛ ተብሎ ጎተራው ቢቃጠል የሚመጣው ጤፍ የት ይገባል? መሬት ላይ ይፈስሳል፣ ይበሰብሳል። በሰውነታችንም እንዲሁ ነው። በተፈጥሮ የስብ ሕዋስ የሌላቸው ሰዎች አሉ፤ ቀጭን ቢሆኑም ጤነኞች አይደሉም። ማረፊያ ያጣው ስብ በጉበታቸውና በጡንቻቸው ውስጥ ይከማችና ለከባድ የስኳር በሽታ ይዳርጋቸዋል። እንግዲያስ የስብ ሕዋስ ጠላታችን አይደለም፤ ከልክ በላይ የተጫነበት ጎተራ ነው።

ለእኛስ?

«ይህ የሀብታም አገር ችግር ነው» የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ባሉት ሴቶች መካከል ከልክ በላይ የወፈሩት 8 በመቶ ነበሩ፤ በ2000 ግን 3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዚያው በ2016 ጥናት 22 በመቶዎቹ ሴቶች ከልክ በላይ የከሱ ነበሩ። በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናትም 46 በመቶው ቁመታቸው ቀጭጮ ነበር። እንግዲህ ሁለቱም ችግሮች በአንድ አገር፣ አንዳንዴም በአንድ ጣሪያ ሥር አብረው ይኖራሉ። የጮቄ ገበሬ ዳገቱን በእግሩ ይወጣል፤ ከተማ የገባው ልጁ ግን በባጃጅ ይሄዳል፣ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ይውላል፣ በምሳው ላይ ለስላሳ ይጨምራል።

ስለዚህ ወገኖች፣ ሦስት ነገር ልበላችሁ። አንደኛ፣ የፒ-ጂ3 ውጤት የታየው በአይጥ ላይ ነው። የስብ ሕዋስን የሚያክም ተብሎ ፈቃድ ያገኘ የናኖ መድኃኒት በየትኛውም ፋርማሲ አይሸጥም። «ናኖ» የተጻፈበት የማቅጠኛ ዱቄት ወይም ሻይ ይዞላችሁ የሚመጣ ሰው፣ የእምነት ወንድማችሁ ቢሆንም እንኳ፣ ገንዘባችሁን አትስጡት። ሁለተኛ፣ ሜትር አውጡና ወገባችሁን ለኩ። የወንድ ከ94፣ የሴት ከ80 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ግፊትና ስኳራችሁን ተመርመሩ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ የተነሣው ግጭት የሕክምናን መንገድ ምን ያህል እንዳጠበበው እናውቃለን። በሽታው ሳይጠና ማወቅ የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው። ሦስተኛ፣ የወፈረውን አናሳፍረው። ሁሉ ውፍረት የሆዳምነት ፍሬ አይደለም፤ ዘርም፣ ኑሮም፣ ሕመምም ድርሻ አላቸው።

በሚመጣው እሑድ «ወፍረሃል» ከማለት ይልቅ «ግፊትህን ተለክተሃል ወይ?» ብንባባልስ? ለወንድማችን የሚበጀው ምርቃት ይኸኛው ነው።