«ተከተዪ» ማለት ማሠልጠን አይደለም

ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ነው። የሱሉልታ ሜዳ ገና ከጉሙ አልወጣም። በአንድ ወገን ከብቶች ይግጣሉ፤ በሌላው ወገን ሠላሳ የሚሆኑ ሯጮች አንዱ የሌላውን ተረከዝ እያየ በረድፍ ያልፋሉ። ከፊት ያሉት ስማቸው የታወቀ ነው። ጭራ ላይ ያለችው ልጅ ግን ቢበዛ 17 ዓመቷ ነው፤ ጫማዋ ሌላ ሰው ሲሮጥበት የቆየ መሆኑ ከተረከዙ መበላት ያስታውቃል። በሦስተኛው ዙር አንድ ሜትር ወደ ኋላ ቀረች፤ በአራተኛው አምስት ሜትር። አሠልጣኙ ከዳር ቆሞ፣ ዓይኑን ከሰዓቱ ሳይነቅል «ተከተዪ!» አላት። በአምስተኛው ዙር ተበጠሰች። ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ሣሩ ላይ አጎነበሰች። ቡድኑ አለፈ፤ አሠልጣኙም አብሮ አለፈ። ልጅቷ በዚያ ጠዋት ያገኘችው ትምህርት ያቺው አንዲት ቃል ነች።

ይህችን ቃል ሰበታም ቡራዩም ሰምቻታለሁ። ከገጠር የመጡ ልጆች በነዚህ ከተሞች ለሦስት ለአራት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ፤ ሽሯቸውን ተካፍለው በልተው፣ ሌሊት ተነሥተው ወደ ኮሮኮንቹ ይወጣሉ። የሚጠብቃቸው አስተሳሰብ አንድ ነው፤ ከታላላቆቹ ኋላ የተሰለፈ ይሠለጥናል፤ ጠንካራው ይቀራል፣ ደካማው ይበጠሳል። ይህ አስተሳሰብ ሥር ስለሰደደ የሚጠይቀው ሰው የለም። እኔ ግን ስህተት ነው እላለሁ። ልጆቻችንን መሮጥ አስተማርናቸው፤ መወዳደር አላስተማርናቸውም።

የአስተሳሰቡ ደጋፊዎች የሚሉት ከንቱ አይደለም። ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ እዚያ ሳንባ የሚያገኘው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ያነሰ ነው። ደም ራሱን ከዚያ ጋር ያስማማል፣ ይጠነክራል። አብሮ መሮጥም ብቻውን የሚሮጥ የማይደርስበትን አቅም ያወጣል። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። ነገር ግን ከፍታው ጉልበት ይሰጣል እንጂ ውድድር አያሸንፍም። በቀጭን አየር ላይ እውነተኛ የውድድር ፍጥነትን ለረጅም ጊዜ መያዝም አይቻልም። ከፍ ያለ ቦታ ኖሮ ለፍጥነት ልምምድ ዝቅ ወዳለ ቦታ መውረድ እንደሚሻል አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አሳይተዋል።

የኛ ታሪክ ራሱ ይመሰክርብናል። እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም ኦሊምፒክ ማራቶን አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ መሮጡን ሁሉም ያውቃል። ብዙ የማይወራው ግን አስቀድሞ የተሠራው ሥራ ነው። አበበና አሠልጣኙ ኦኒ ኒስካነን መንገዱን ቀድመው አይተውታል። ከኢትዮጵያ ተወስዶ የነበረው የአክሱም ሐውልት በመንገዱ መጨረሻ አካባቢ ቆሞ ስላገኙት፣ ማምለጫው እዚያ ይሁን ብለው ተስማሙ። አበበ ከሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ጋር ትከሻ ለትከሻ ሮጦ፣ ሐውልቱ ጋ ሲደርስ ተፈተለከ፤ በ25 ሰከንድ ቀድሞ ገባ። እግሩ ባዶ ነበር፤ ጭንቅላቱ ግን ዕቅድ ይዞ ነበር።

ከ20 ዓመት በኋላ ሞስኮ ላይም ያው ነው። በ10 ሺህ ሜትር ምሩፅ ይፍጠር፣ መሐመድ ከድርና ቶሎሳ ቆቱ ሩጫውን በየመሃሉ እያጣደፉና እያቀዘቀዙ፣ ርቀቱን በሁለት ተከታታይ ኦሊምፒኮች ያሸነፈውን ፊንላንዳዊ ላሴ ቪረንን እስትንፋስ አሳጡት። ቪረን አምስተኛ ሆኖ ጨረሰ፤ ልጆቻችን አንደኛ፣ ሦስተኛና አራተኛ። ምሩፅ «ማርሽ ቀያሪው» የተባለው በከንቱ አይደለም። ማርሽ መቀየር ደግሞ በልምምድ የሚመጣ ችሎታ ነው።

አሁን ወደ ፓሪስ 2024 እንምጣ። በ10 ሺህ ሜትር ዮሚፍ ቀጄልቻ፣ በሪሁ አረጋዊና ሰለሞን ባረጋ እየተፈራረቁ ሩጫውን በፈጣንና በተስተካከለ ፍጥነት መሩት። የዑጋንዳው ጆሹዋ ቼፕቴጌ ከኋላ ተቀምጦ ጠበቀ፤ በመጨረሻው ዙር ጥሏቸው ሄደ፤ በ26 ደቂቃ ከ43.14 ሰከንድ አሸነፈ። በሪሁ ብርቱ ልጅ ነውና ብር አዳነ፤ ዮሚፍና ሰለሞን ስድስተኛና ሰባተኛ ሆኑ። ልጆቹን አልወቅስም፤ ያላቸውን ሁሉ ሰጥተዋል። የምወቅሰው ስልቱን ነው። ቼፕቴጌ እኮ የዓለም ክብረ ወሰኑን፣ 26 ደቂቃ ከ11 ሰከንዱን፣ ያስመዘገበው በተስተካከለ ፈጣን ሩጫ ነው! የሚወደውን ሩጫ አዘጋጅተን አቀረብንለት። ከሦስት ዓመት በፊት ቶኪዮ ላይ ሰለሞን ይህንኑ ሰው ያሸነፈው ዝግ ብሎ በሄደና በመጨረሻው ዙር በተወሰነ ውድድር ነበር።

ሩጫውን ለተጋጣሚው በሚመች ፍጥነት የማካሄድ ስህተት የአንድ ቀን አይደለም። በ2004 አቴንስ ላይ የ5 ሺህ ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤት ቀነኒሳ በቀለ ነበር፤ 12 ደቂቃ ከ37.35። ፍጻሜው ግን በ13 ደቂቃ ከ14 ሰከንድ ተጠናቀቀ። እንዲህ ያለ ዝግተኛ ሩጫ የሚጠቅመው ለ1500 ሜትር ሰው ነው፤ የ1500 ሜትሩ ሰው ሂሻም ኤል ጌሩዥም ወርቁን በ0.2 ሰከንድ ወሰደው።

ለምን እንዲህ ሆነ? አንዱ ምክንያት እንጀራው ነው። አትሌቶቻችን የሚኖሩት በውጭ ከተሞች ማራቶኖችና በአንድ ቀን ውድድሮች ነው። እዚያ አሯሯጭ ተቀጥሮ ፍጥነቱን ይይዝላቸዋል፤ የሯጩ ሥራ መከተል ነው። ኦሊምፒክና የዓለም ሻምፒዮና ግን አሯሯጭ የላቸውም። ከሱሉልታ ጭራ እስከ በርሊን ፊት ድረስ «ተከተል» ሲባል ያደገ ሰው፣ የሚከተለው ሲጠፋ ምን ያድርግ? በፓሪስ ማራቶን በሲሳይ ለማ ምትክ የገባው ታምራት ቶላ ይህን ጥያቄ መልሶልናል። ዳገትና ቁልቁለት በበዛበት መንገድ ላይ ማንንም ሳይጠብቅ ከሩቅ ተነጥሎ፣ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ በኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ወርቁን አመጣ።

እንግዲህ በሱሉልታ፣ በሰበታና በቡራዩ ላላችሁ አሠልጣኞች የምለው ይህ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ሰዓቱን ኪሳችሁ ክተቱት። ልጆቹ በየመሃሉ ድንገት 200 ሜትር እንዲያፈጥኑ፣ ከዚያም ሳይቆሙ ወደ ነበሩበት ፍጥነት እንዲመለሱ አድርጉ። የመጨረሻውን 300 ሜትር ትኩስ ሆነው ሳይሆን ደክሟቸው ይለማመዱት። አንዱን በሦስት ልጆች መሃል አጥራችሁ መውጫውን ራሱ እንዲፈልግ ተዉት። በመሙ ሁለተኛ መስመር ላይ አንድ ሙሉ ዙር የሮጠ ሰው ከ7 ሜትር ተኩል በላይ እንደሚጨምር፣ ይህም በ25 ዙር ወደ 190 ሜትር እንደሚደርስ አስረዱት። ቀላል የተባለው ቀን በእውነት ቀላል ይሁን። የ17 ዓመቷን ልጅ ከሻምፒዮኖቹ ጋር አታሰልፏት፤ ከእኩዮቿ ጋር ትሩጥና አንዳንድ ጊዜ ከፊት መሆንን ትልመድ። ከልምምድ በኋላ የአንድ ውድድር ቪዲዮ በስልክ አሳይታችሁ «አንቺ ብትሆኚ የት ላይ ትወጪ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁና መልሷን ስሙ።

«መም የለን፣ ገንዘብ የለን» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። የመሙ እጥረት እውነት ነው፤ የሚመለከታቸው ሊያፍሩበት ይገባል። ግን ከዘረዘርኩት ውስጥ አብዛኛው በሣር ሜዳና በኮሮኮንች ላይ የሚሠራ ነው። የሚጠይቀው የአሠልጣኙን ዝግጅትና ትዕግሥት ነው።

ሣሩ ላይ ያጎነበሰችው ልጅ ጥቂት ቆይታ ቀና አለች፤ ቡድኑ ወደሄደበት አቅጣጫም ብቻዋን መሮጥ ጀመረች። ጽናቱ አላት፤ ማንም አልሰጣትም፣ ማንም አይወስድባትም። እኛ ያለብን ዕዳ ዕውቀቱን መስጠት ነው። አሠልጣኝ ሆይ፣ ነገ ጠዋት ልጅቷ ወደ ኋላ ስትቀር «ተከተዪ» ከማለትህ በፊት ወደ እሷ ሂድ፤ ለምን እንደቀረች ጠይቃት።