ገመና ወይስ ጤና?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ተረቱን የምንወደውን ያህል በሽታውን ገልጦ የሚናገረውን ሰው የምንወደው ግን አይመስለኝም። በተለይ በሽታው የመኝታ ቤት ከሆነ!

እስቲ አንባቢ ይፍረድ። ሚስት ሩካቤ በመጣ ቁጥር ሕመም ካሠቃያት፣ ባል «ስንፈተ ወሲብ» የሚባለው ነገር ከገጠመው ወዴት ይሂዱ? ጥርስ ያመመው ወደ ጥርስ ሐኪም፣ ዓይን ያመመው ወደ ዓይን ሐኪም ይሄዳል። ለዚህኛው ያለን መልስ «ሆድ ይፍጀው» ነው። ዝምታችንን ደግሞ ነጋዴው ያውቅበታል፤ ምንነቱ ያልታወቀ ሥር ወቅጦ፣ ያለ ሐኪም ትዕዛዝ ክኒን አቀብሎ ይከብርበታል።

እኔና ባለቤቴ በዚሁ በአዲስ አበባ የሥነ ልቦና አማካሪ ፍለጋ ደጅ ጠንተናል። አንደኛው ለአንድ ሰዓት የሚያስከፍለው እኔ አንድ መጣጥፍ ጽፌ ከማገኘው ይበልጣል። ዋጋው የሚቀመሰው ሌላው ደግሞ ነገራችንን ሳንጨርስ ተግሣጽ ጀመረ። ባለቤቴንም «እንዲህ ያለ ነገር ከጨዋ ሴት አፍ አይወጣም» አላት። ልትመከር ሄዳ ተወቅሳ ተመለሰች። ተግሣጽ ብንፈልግማ የነፍስ አባታችን አሉልን፤ ያውም በነፃ!

«ይህ የፈረንጅ ቅንጦት ነው» የሚሉኝ አይጠፉም። እንግዲያውስ ይህን ይመልሱልኝ። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆነ የአገራችን ሴቶች 65 በመቶዎቹ ተገርዘዋል። ግርዛት በሩካቤ ጊዜ ሕመም ሊያስከትል እንደሚችል ሐኪሞች ያውቃሉ። ይህም የፈረንጅ ሕመም ነው? የዓለም ጤና ድርጅት እንኳ የወሲብ ጤናን ሲተረጉም ከበሽታ ነፃ መሆንን ብቻ ሳይሆን ደስታንም ጨምሮ ነው።

«አገሪቱ ድሃ ናት፤ ባለሙያ ከየት ይምጣ?» ለሚሉትም መልስ አለኝ። ጃክ አነን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1976 ባቀረበው ዘዴ እርዳታውን በአራት ደረጃ ከፍሎታል። መጀመሪያ ሰውዬው ሳይሸማቀቅ እንዲናገር መፍቀድ፣ ቀጥሎ አጭር ማብራሪያ መስጠት፣ ከዚያ ለችግሩ የሚስማማ ምክር፣ በመጨረሻ ረጅሙ ሕክምና። ብዙው ሰው እስከ አራተኛው መዝለቅ አያስፈልገውም።

የመጀመሪያው ደረጃ እኮ ገንዘብ አይጠይቅም! የጤና ጣቢያ ነርስ ስለ ወሊድ መከላከያ ስታስረዳ «በግንኙነት ጊዜ የሚያስቸግርሽ ነገር አለ?» ብላ ብትጨምር ምን ይጎድልባታል? ቀላሉን እዚያው ትመክራለች፤ የከበደውን ወደ ሐኪም ትልካለች። ለዚህ የሚያስፈልገው ሥልጠና ነው። ነርሶችንና አማካሪዎችን የሚያስተምሩ ዩኒቨርሲቲዎችና ኮሌጆች ትምህርቱን ያስገቡልን።

እስከዚያው ድረስ፣ አማካሪዎች ሆይ፣ ክፍያችሁን መቀነስ ባትችሉ እንኳ ተግሣጻችሁን ቀንሱልን።