እግር ይታያል፤ አፍስ?

በመንዝ ማማ ምድር፣ በሞላሌ ከተማ፣ ማለዳ ለወጣ ሰው የወይራ መፋቂያ በአፉ ይዞ ወደ ገበያ የሚያዘግም ሽማግሌ እንግዳ አይሆንበትም። ሽማግሌው መፋቂያው ላይ ደም ቢያዩ “ድዴ ስስ ነው” ብለው ያልፉታል። የስኳር ሕመም ካለባቸው ግን ያ ደም የሚታለፍ አይደለም። የፊዚክስ መምህር ስለ ድድ ምን አገባው የሚለን አንባቢ ቢኖር፣ ነገሩ የስፋት ልኬትም አለበትና ይታገሠን።

በጥርስና በድድ መካከል ባክቴሪያ ሲከማች ድዱ ይቆጣል፤ ከጥርሱም እየተላቀቀ ኪስ ይፈጥራል። ሕመሙ በብዙ ጥርሶች ዙሪያ ሲስፋፋ የኪሶቹ ውስጠኛ ገጽ ተደምሮ ከ8 እስከ 20 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር እንደሚደርስ ተገምቷል። ይህን ያህል ቁስል እግሩ ላይ የወጣበት የስኳር ሕመምተኛ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ ይገሠግሣል፤ እንዲህ እንዲያደርግ ተመክሯልና። አፍህን ክፈት የሚለው ግን ብዙ ጊዜ አያገኝም።

በደም ውስጥ ስኳር ሲበዛ ነጭ የደም ሴሎች ይዳከማሉ፤ ጥቃቅን የደም ሥሮች ይጎዳሉ፤ ምራቅ ይቀንሳል። ድድ የሚታመመው በዚህ ነው። ነገር ግን መንገዱ መመለሻም አለው፤ ከተቆጣው ድድ ወደ ደም የሚገቡ ንጥረ ነገሮች የኢንሱሊንን ሥራ ያውካሉ። ሃራልድ ሎ የተባሉ የጥርስ ሊቅ በ1993 እ.ኤ.አ. የድድን በሽታ ስድስተኛው የስኳር በሽታ መዘዝ ብለውታል። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው የኮክሬን የጥናቶች ግምገማም፣ ድድ ሲታከም የሦስት ወሩ አማካይ የስኳር መለኪያ በ0.43 የመቶኛ ነጥብ ገደማ እንደሚወርድ አሳይቷል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ኪኒን ለተጨመረበት ሰው ግን ትንሽ አይደለም።

መፋቂያን አናጣጥልም። በጥንቃቄ ለተጠቀመበት የጥርስን ገጽ ያጸዳል። ሆኖም በጥርሶች መካከል እምብዛም አይገባም፤ እንደ ድንጋይ የጠነከረውንም ክምችት አያነሣም፤ ይህ የባለሙያ ሥራ ነው። ፍሎራይድ ባለበት የጥርስ ሳሙና በቀን ሁለት ጊዜ መቦረሽ ሊታከልበት ይገባል። ደማ ብሎ ማጽዳቱን መተው ሕመሙን ማባባስ ነው። ሌሊት ስኳሩ ወርዶበት ከረሜላ የቀመሰም ሰው፣ ስኳሩ ሲስተካከል አፉን በውሃ ይጉመጥመጥ።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። በክትትል ቀን “እግርዎን ያሳዩኝ” የሚሉት ነርስ “አፍዎንም ይክፈቱ” ይበሉ፤ ለዚህ ዓይንና የእጅ ባትሪ ይበቃል። ለዕረፍት ወደ ሞላሌ የሚመለስ ተማሪም፣ ስኳር ባለባቸው አባቱ መፋቂያ ላይ ደም ካየ፣ የክትትሉን ቀጠሮ ሳይጠብቅ የጥርስ ሐኪም ወዳለበት ይዟቸው ይሂድ።